ቀዳሚ ያለው ገብስ

ባሌ ከአንድ የጉና ባላገር ጋር በጋቢ ጫፍ ተቋጥሮ ቤቴ የገባው ፋሲካ አልፎ ብዙም ሳይቆይ ነው። ደጃፍ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ባሌን ነው፤ እንደ ልማዱ ይስቃል። ቀጥሎ ከጎኑ የቆሙትን ረጅም ቀጭን ሽማግሌ አየሁ። ከዚያ ዓይኔ ቋጠሮው ላይ ወደቀ። የባሌ ጋቢ ጫፍ ከሰውዬው ጋቢ ጫፍ ጋር ጠበቅ ተደርጎ ታስሯል። ጎረቤቱ ሁሉ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል። የምገባበት ጠፋኝ።

ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ ጊዜ ዕዳ ተፈርዶበት የሚከፍለው ያጣ፣ ዋስ የሚሆነውም ያጣ ሰው ከባለገንዘቡ ጋር ይቆራኝ ነበር። እስኪከፍል አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም አብረው ይሄዳሉ። ጣሊያን ደብረ ታቦር ከገባ ወዲህ ይኸ ነገር በከተማው ቀርቷል ይባል ነበር። የጉናው አባት ግን ባሌን የከሰሱት በአገራቸው ጭቃ ሹም ዘንድ ነው፤ ጭቃ ሹሙ ደግሞ ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ማስከፈያ የለውም። ባሌም ቢሆን ተይዞ ሳይሆን በእግሩ ሄዶ ነው የገባላቸው። ያለፈውን ሳይከፍል ሌላ ገብስ በዱቤ ሊጠይቅ ጉና ወጥቶ እዚያው ፈረዱበት። እንዲህ ያለ ሰው ነበር ያገባሁት።

ነገሩ የተነሳው ከበቅሎ ነው። ባሌ ከአንድ ሰው ጋር በሽርክና የጭነት በቅሎዎች ገዝቶ ነበር። መግዣውን ያበደራቸው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ወንድሜን የለመንኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ወንድሜ ሁለት በሬዎቹን ሸጦ አበደራቸው። ውሉ የተነገረው በእኔ ቤት፣ እኔ ጠላ እየቀዳሁ ነው። ባሌ እጁ ላይ የገባ ነገር እንደማይረጋ ስለማውቅ፣ ወንድሜን ወደ ጓዳ ጠራሁና «ስለ በቅሎዎቹ ብቻ እንዳትነጋገር፣ ስለ ጭነቱም ጠይቀው» አልኩት። ወጥቶ ጠየቀ። ባሌም «በቅሎዎቹም፣ የሚጭኑትም፣ ከጭነቱ የሚገኘውም መያዣህ ነው» አለ። እንዲህ ሲል ሸሪኩና አንድ ጎረቤታችን ሰምተዋል። እኔም ሰምቻለሁ፤ ደስም ብሎኛል፤ ለወንድሜ መልካም ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሽርክናው ከጉና ሥር ገብስ እየገዛ ለጣሊያን ጦር ሰፈር ማቅረብ ጀመረ። ለበቅሎዎቻቸው ቀለብ። ይኸን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይግላል። የሰው ልጅ ሁሉ ጫካ በገባበት ጊዜ የእኔ ባል የጠላት በቅሎ ያበላ ነበር። ለባላገሩ ግን የጎንደር ገበያ ነው እያለ ይነግራቸው ነበር። ጎረቤቶቼ በፊቴ ምንም አይሉም፤ ውኃ ስቀዳ ግን ንግግራቸውን ያቆማሉ። እኔ ቁጡ ነኝ፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን በማንም ላይ ተቆጥቼ አላውቅም። በምን አፌ?

የጉናው አባት በመጨረሻው ጉዞ ገብሳቸውን ሁሉ በዱቤ ሰጥተዋል፤ ለዘር ያስቀመጡትን ጭምር። ባሌ ይኸን ቤት መጥቶ እንደ ጀብዱ አወራልኝ። «ጭነቱ ጎድሎ ነበር። አባቴ፣ የዘሩንም ይስጡኝ፣ ዝናብ ሳይገባ ብሩን ይዤ እመጣለሁ፣ ከዚህ የተሻለ ዘር ይገዙበታል አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ሰጡኝ» አለ። ከዚያው ጭነት ላይ ሁለት አቁማዳ ለቤት ብሎ አስቀርቶ ጎታዬ ውስጥ ገለበጠው። «የዘር ገብስ ነው፤ ቆሎው አይጠገብም» አለኝ።

ገብሱን ለጦር ሰፈሩ ባስረከቡ ሰሞን ሸሪኩ በቅሎዎቹን ሁሉ ነድቶ ጠፋ። አርበኞች ዘንድ ገባ ያለ አለ፤ ጎጃም ተሻግሮ ሸጣቸው ያለም አለ። እኔ የማምነው ሁለተኛውን ነው። ከሽርክናው የቀረው እንግዲህ የመጨረሻው ጭነት ዋጋ ብቻ ሆነ። እሱም ያለው ገበያ ውስጥ ሱቅ ባላቸው አንድ እስላም ነጋዴ እጅ ነው። ጦር ሰፈሩ የሚከፍለውን ሊሬ በጠገራ ብር የሚመነዝሩ እሳቸው ነበሩ፤ ሰው ሁሉ ያምናቸዋል። ወንድሜ የሸሪኩን መጥፋት እንደሰማ ሮጦ «ይኸ ገንዘብ መያዣዬ ነው፤ ለማንም እንዳይሰጡ» አላቸው። የጉናው አባት ደግሞ ከባሌ ጋር እንደተቋጠሩ ሄደው «ዳኛ ፈርዶልኛል፤ የገብሴ ዋጋ ነው» አሏቸው። ባለሱቁ ሁለቱንም አዳመጡና «እኔ የአደራ ሰው ነኝ። ማን እንደሚቀድም ተስማምታችሁ ኑ» አሉ።

እንዲህ ሆኖ የጉናው አባት ቤቴ ሰነበቱ።

በመጀመሪያው ቀን ልጠምዳቸው አስቤ ነበር። ባሌን በአደባባይ አስረው አዋርደውኛል ብዬ። እግራቸውን ላጥብ ውኃ ይዤ ስቀርብ ግን «ተይ ልጄ፣ እኔ እንግዳ አይደለሁም፤ ነገር ይዤ የመጣሁ ሰው ነኝ» አሉኝ። ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል። ቁጭ ብዬ አጠብኳቸው። ራት አቀረብኩ። ጤፌ አልቆ ስለነበር ያለኝ የገብስ ቂጣ ነው፤ ገብሱ ደግሞ ያ ገብስ ነው። ባርከው ቆረሱ። እኔ ማዕዱ ላይ አልቀረብኩም፤ እሳት የማስተካክል መስዬ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቆየሁ።

ከሰጠኋቸው ቂጣ ሁሉ፣ በሶ ሁሉ፣ ቆሎ ሁሉ የሳቸው ያልሆነ አልነበረም። ሌላ እህል ፍለጋ ጎረቤት ልበደር አሰብኩ፤ የታሰረ ሰው ሚስት ሆኜ ማን ደጅ ልቁም? ጎታውን ገልብጬ ላስረክባቸውም አሰብኩ። ወንድሜ ግን ይኸን ቀድሞ አስቦታል። አንድ ቀን መጥቶ፣ ሳይቀመጥ፣ ጎታውን በእጁ መታ መታ አደረገና «ይኸም የሽርክናው ነው፤ መያዣዬ ነው። ለአፋችሁ የምታነሱትን አልቆጥርብሽም። ለማንም አሳልፈሽ እንዳትሰጪ ግን» አለኝ። መብላት ይቻላል፤ መመለስ አይቻልም ማለቱ ነው። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ አላሳቀኝም።

ባሌ ግን ቁራኛው ተስማምቶት ነበር። «ጥላዬ» ይላቸዋል፣ በፊታቸው። መደቡ ላይ እሱ፣ ከመደቡ ሥር አጎዛ ላይ እሳቸው ይተኛሉ፤ ጋቢያቸው እንደተቋጠረ ነው። እኔ ጓዳ ገባሁ። በዚያ ሰሞን ባሌና እኔ ወንድምና እህት ነበርን ማለት ይቻላል። እሳቸው ማለዳ ኪዳን ሳያደርሱ አይውሉም፤ ስለዚህ ከተጋባን ጀምሮ ቅዳሴ ደርሶ የማያውቀው ባሌ በየማለዳው የኢየሱስ ደጅ ቆሞ ይታይ ጀመር። ካህናቱ ገርሟቸው ነበር። ለመጸዳዳት ወደ ጫካ ሲሄዱም አንዱ ፊቱን አዙሮ አንዱን ይጠብቃል። ባሌ ይኸን ለጎረቤት እያወራ ያስቃል። እሳቸው ይሰማሉ፤ አይስቁም፣ አይቆጡም።

አንድ የገበያ ቀን ሦስታችንም ወጣን። እኔ ወደ ኋላ ቀረት ብዬ እንደማላውቃቸው ሆኜ እሄዳለሁ። ገበያው መሐል አንድ የጣሊያን መኮንን አያቸው። ቆመ፤ ጓደኞቹን ጠራ፤ ሳቁ። ፎቶግራፍ ማንሻውን ከትከሻው አወረደ። አንድ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ጥቁር ወታደር፣ መጣና አስተካክሎ አቆማቸው፤ ቋጠሮው ደኅና እንዲታይ በመሐላቸው ጎተት ጎተት አደረገው። ባሌ ፈገግ አለ። የጉናው አባት የጋቢያቸውን ሌላውን ጫፍ እስከ ዓይናቸው አነሱት። እኔ ምን አደረግሁ? ወደ ጨው ሻጯ ዞሬ የአሞሌ ዋጋ ጠየቅሁ። ዋጋውን ነገረችኝ፤ ተወደደች አልኳት፤ ተከራከርን። የምገዛበት ቤሳ እንኳ አልያዝኩም።

ቤት ስንመለስ እሳቸው ጠየቁኝ።

«ያ ሰውዬ ምን አደረገን ልጄ?»

«መልካችሁን ወሰደው፣ አባቴ።»

«ወዴት?»

«ወደ አገሩ።»

«እንግዲያ በሰው አገር ባለዕዳና ባለገንዘብ ሆነን መቅረታችን ነው» አሉና ጫማ የማያውቀውን እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

በየማታው ደጅ ወጥተው፣ ባሌን አስከትለው፣ ወደ ጉና ያያሉ። ደመና መጠራቀም ጀምሯል። አንድ ምሽት ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፤ «አየሽ፣ የኔ መሬት ብርድ ነው። ዘሩ በጊዜ ካልገባ አመዳይ ይቀድመዋል። የእኔ ቤት ይኸን ዘር ከአያቴ ጀምሮ ሲዘራ ነው የኖረው። ሌላ ገብስ እዚያ ማሳ ላይ አይጸናም ማለት አይደለም፤ ግን ዘንድሮ ሌላም የምገዛበት የለኝ።» ይኸን ሲሉ ያ ዘር እኔ ቤት፣ ከጀርባቸው፣ ጎታ ውስጥ አለ። በዚያ ቀን ራት ያቀረብኩላቸው ቅንጬ ነው።

የግንቦት ልደታ ዕለት ሴቶቹ እንደ ወጋችን ከቤት ውጭ ንፍሮ ቀቀልን። ሁሉም ካለው ያዋጣል፤ እኔ ያዋጣሁት ገብስ ነው። እሳቸውና ባሌ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጡ። ለሁሉም በየእጁ ታደለ። የጉናው አባት አንድ ጭብጥ ተቀበሉ፤ ወደ አፋቸው ከማድረሳቸው በፊት መዳፋቸው ላይ በአውራ ጣታቸው በተን በተን አደረጉት። ባቄላው አለ፣ ስንዴው አለ፣ ከመሐሉ ያ ቀላ ያለው ወፍራሙ ገብስ አለ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ጥሩ ገብስ ነው» አሉ።

ማንንም አላዩም ይኸን ሲሉ። በሉት። እኔ ሰፌዴን ይዤ ወደሚቀጥለው ሰው አለፍኩ።

ከልደታ በኋላ ወንድሜ ትዕግሥቱ አለቀ። መጥቶ «ወደ ጣሊያን ቢሮ ልሄድ ነው፤ አስተርጓሚውን አውቀዋለሁ» አለ። ክፉ ሰው አድርጌ እንዳልሥለው እፈልጋለሁ። እሱም የሚያርስበት በሬ የለውም፤ በሬዎቹን የሸጠው ለእኛ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሚስቱ በየቀኑ የምትለውን እኔ አውቃለሁ። «አባቴ፣ እርስዎም ይምጡና እዚያው ይፍረዱን» አላቸው።

እሳቸው ግን «እኔ ከወገኔ ጋር ያለኝን ነገር ለባዕድ አልናገርም። ሽማግሌ አስቀምጥ። ተረታህ ካሉኝ እነሳለሁ» አሉ። ወንድሜ አፈረና እሺ አለ።

ሦስት ሽማግሎች ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጡ። ባለሱቁም ብሩን በከረጢት ይዘው መጡና ከሽማግሎቹ ፊት አኖሩት። ወንድሜ ተናገረ፤ ያበደረውን፣ መቼ እንዳበደረ፣ ምን መያዣ እንደተሰጠው። የጉናው አባት ተናገሩ፤ ገብሱን፣ ዘሩን፣ ፍርዱን። ባሌ እንደተቋጠረ ተቀምጦ ያዳምጣል፤ ነገሩ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

አንደኛው ሽማግሌ «እኒህ ሰው ፍርድ ይዘው መጥተዋል። ገንዘቡም ከገብሳቸው የወጣ ነው። ፍርድ ይከበር» አሉ።

ሁለተኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፍርዱ ዕዳው እውነት ነው አለ እንጂ ከሌላው ይቅደም አላለም። ገብሱ በዱቤ ይሁን በእጅ በእጅ፣ ከተሸጠ የሽርክናው ሆኗል። መያዣ የያዘ ሰው ደግሞ እጁን አስቀድሞ አኑሯል። ለእኔ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው። መያዣው በቅሎዎቹ ብቻ ናቸው ወይስ ከጭነቱ የሚገኘውም አለበት? በቅሎዎቹ ብቻ ከሆኑ በቅሎዎቹ ሄደዋል፤ ይኸ ብር የባለፍርዱ ነው። ጭነቱም ካለበት ባለመያዣው ይቀድማል።»

ሦስቱም በዚህ ተስማሙ። ባሌን ጠየቁት። «በቅሎዎቹን ማለቴን አስታውሳለሁ። ሌላውን እንግዲህ... ጊዜው ራቀ» አለ። እማኞቹን ጠየቁ። ሸሪኩ ጠፍቷል፤ ጎረቤታችን በኅዳር ሞቷል።

«ሌላ የሰማ አለ?»

ወንድሜ ወደ እኔ አየ። ከሴቶቹ ጋር ወደ ኋላ ቆሜ ነበር። «እህቴ ነበረች» አለ።

«እሷማ ያንተ እህት፣ የባለዕዳው ሚስት ናት። እንዴት ትመሰክራለች?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

ያን ጊዜ የጉናው አባት ተነሱ። ባሌም አብሮ መነሳት ነበረበት። «እኔ እቀበላታለሁ። ቤቷ ተቀምጫለሁ፤ እግሬን አጥባለች፣ አብልታኛለች። ሰው አውቃለሁ። እሷ ያለችው ይሁን፤ ከእሷ ሌላ እማኝ አልፈልግም» አሉ።

ወደ መሐል ወጣሁ። ነጠላዬን አደገደግሁ። መስቀል አስያዙኝ። ሁሉም የእኔን አፍ ያያሉ፤ ከረጢቱ ከእግሬ ሥር አለ። አልሰማሁም ማለት ይበቃኝ ነበር። ጠላ እቀዳ ነበር፣ ጓዳ ነበርኩ፣ አልሰማሁም። ብሩ ወደ ጉና ይወጣል፣ ዘር ይገዛል፣ ባሌ ይፈታል፣ ወንድሜ ያኮርፈኛል። ይኸን ሁሉ በዚያች አፍታ አይቼዋለሁ።

«በቅሎዎቹም፣ የሚጭኑትም፣ ከጭነቱ የሚገኘውም ብሏል። ሰምቻለሁ» አልኩ።

እውነት መናገሬ ነው። እውነት ወዳድ ሆኜ ነው ብል ግን አሁን ደግሞ እዋሻለሁ። መስቀሉን ፈርቻለሁ፤ ወንድሜንም ፈርቻለሁ። ከሁሉ በላይ ሰውዬው አምናታለሁ ስላሉኝ ነው። እምነታቸውን በውሸት ልመልስ አልቻልኩም፤ በእውነት መልሼ ዘራቸውን አሳጣኋቸው። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ አንዱም እንደዚያች እውነት አላሳፈረኝም።

ሽማግሎቹ ወንድሜ ይቅደም አሉ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ለእሱም አልሞላለት፤ ለሁለተኛ የሚተርፍ ምንም አልነበረም። የጉናው አባት «ዕዳዬ ግን አለ?» ብለው ጠየቁ። «አለ። ሰውዬው ሲያገኝ ይከፍልዎታል። እስከዚያው ቁራኛዎን መያዝ ይችላሉ» አሏቸው።

«ይዤው ዘር አይሆነኝ» አሉ። ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን መፍታት ጀመሩ። ከመክረሙ የተነሳ ጠብቆ አስቸገራቸው፤ በጥርሳቸው ፈቱት። የጋቢያቸው ጫፍ እንደተጨማደደ ቀረ፤ በእጃቸው አስተካከሉት፣ አልተስተካከለም።

መሄድ ሲጀምሩ ቆም አሉና ወደ ሽማግሎቹ ተመለሱ። «አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ዳኛው ዕዳዬን እንጂ ቀለቤን አልፈረደልኝም። በዚች ልጅ ቤት ስበላ ስጠጣ ሰንብቻለሁ። ይታሰብና ከዕዳው ላይ ይቀነስላቸው» አሉ።

ሰው ሁሉ «ይኸ ነው ሰው!» አለ። ሽማግሎቹ ደስ አላቸው፤ ትንሽ ተመካከሩና ይኸን ያህል ይቀነስ አሉ። ባሌ «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔ ቆሜያለሁ። ስለ መያዣው ጠየቁኝ፤ ተናገርኩ። ስለ ቂጣው ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ቤት ገባሁ። ጎታውን አየሁ። የቀረው አንድ አቁማዳ የማይሞላ ነበር። ምን እንደማደርግ ሳላስብ አቁማዳውን ዘርግቼ በሁለት እጄ እየዛቅሁ ጨመርኩበት፣ የጎታውን ጥግ ሁሉ ጠረግሁ፣ አዝዬው ወጣሁ። ባሌ «ወዴት ነው?» አለኝ፤ አልፌው ሄድኩ። ከከተማው ወጥቼ በጉና መንገድ እያለከለክሁ ሮጥኩ። ከወንዙ ማዶ፣ ዳገቱ ሥር ደረስኩባቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያርፋሉ።

አቁማዳውን እግራቸው ሥር አወረድኩ። «ይውሰዱት» አልኳቸው። «ሲበሉ የሰነበቱትም ይኸው ነው። የርስዎ ነው፤ የርስዎ ዘር ነው። ሳበላዎት የሰነበትኩት የራስዎን ነው፤ ለሱ ደግሞ አስቀነሱልኝ።» ማልቀስ ጀምሬ ነበር።

የአቁማዳውን አፍ ፈቱት። እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ከተቱና አንድ ጭብጥ አወጡ። አሸተቱት።

«ልደታ ዕለት አይቼዋለሁ» አሉ።

«ታዲያ ለምን አስቀነሱ?»

«ሸጬዋለሁ እኮ ልጄ። የሸጥኩት ገብስ የገዢው ነው፤ ዋጋው ነው የኔ። ያበላሽኝ የራስሽን ነው።»

«ይውሰዱትና ይዝሩት። ማንም አያይም።»

ወደ ከተማው አዩ። «ይኸ ያው ሽማግሎቹ የፈረዱበት ነው፤ የሽርክናው ነው። ወንድምሽ ይቅደም ብለዋል፣ እኔም እሺ ብዬ ተነስቻለሁ። አንቺው ነሽ እኮ የመሰከርሽ» አሉ። ይኸን ያሉት ሊወቅሱኝ አይደለም፤ እንዲገባኝ ብለው ነው። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

የያዙትን ጭብጥ ወደ አቁማዳው መለሱት። ጣቶቻቸው መሐል የቀረውንም ቀስ ብለው አራገፉት፤ አንዲት ፍሬ መሬት ወድቃ ነበር፣ እሷንም አንስተው ከተቱ። አፉን አሰሩልኝ። ተሸክሜ እንድነሳ ደግፈው ጀርባዬ ላይ አስተካከሉልኝ፤ ከዚያ ዳገቱን ያዙ። የጋቢያቸው ጫፍ እንደተጨማደደ ከኋላ ይታየኝ ነበር።

ያን ዓመት ከጉና ለገበያ የሚወርድ ሰው ሳይ መንገድ እቀይር ነበር። ስለዚያ ማሳ አንዱ ይነግረኛል ብዬ እፈራ ነበር፤ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ባሌ ዕዳውን ሳይከፍል ሞተ። እኔ በኋላ የምከፍለው ሳገኝ ሰው ላክሁ፤ የተላከው ሰው ቤቱን ዘግተው ወደ ቆላ ወርደዋል ብሎ ገንዘቡን መልሶ አመጣልኝ።

በዚያ ቀን ግን አቁማዳውን ተሸክሜ ተመለስኩና ጎታው ውስጥ መልሼ ገለበጥኩት። ወንድሜ ለአፋችሁ አልቆጥርም ብሎ የለ። ክረምቱ ገባ፤ ሌላ እህል አልነበረንም። በላነው። ጥሩ ገብስ ነበር።